ተከራይ በተከራየው ቤት ውስጥ ሠርቶ ለማደር የአከራዩን ፈቃድ መጠየቅ አለበትን?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጉዳይ ከአንዲት የቡድናችን አባል የመጣ ነው። አባላችን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖር ሲሆን፣ ለአንድ የውጭ ድርጅት የትርጉም ሥራ ከቤቷ ሆና መሥራት ከጀመረች በኋላ አከራይዋ «ቤቱን ያከራየሁሽ ለመኖሪያ እንጂ ለቢሮ አይደለም» በማለት በየወሩ ተጨማሪ ገንዘብ እንድትከፍል፣ አለበለዚያ ቤቱን እንድትለቅ ጠይቀዋታል። አስተያየታችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ አቅርቡ።

አከራይ፣ ከጉለሌ፦ የአከራዮችን ጭንቀት በቅድሚያ ልግለጽ። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰውና ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው የሚያወጡት ወጪ እኩል አይደለም። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀምና ከ500 በላይ የሚጠቀም ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍሉት ዋጋ በጣም የተራራቀ ነው። አንድ ተከራይ የግቢውን ፍጆታ ወደ ላይኛው እርከን ሲገፋው፣ ከአምፖልና ከቴሌቪዥን በቀር ሌላ ነገር የሌላቸው ጎረቤቶቹም የጭማሪው ተካፋይ ይሆናሉ፤ ሒሳቡ ሲመጣ የሚጨቃጨቁትም ከእኔ ጋር ነው። ደንበኛ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ አላውቅም። ቤቱ የንግድ ቤት ነው ተብሎ እንዳይመዘገብብኝም እሰጋለሁ። ስለዚህ «ይህን ሥራ ልሠራ አስቤአለሁ» ብሎ አስቀድሞ ማስፈቀድ የሚከብድ ነገር አይመስለኝም።

ተከራይ፣ ከጀሞ፦ ጋሼ፣ ያነሱት የቆጣሪ ጉዳይ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሆኖም ለአባላችን ጉዳይ ምን ያህል እንደሚሠራ በቁጥር እንየው። ላፕቶፕና የኢንተርኔት ራውተር ተደምረው ከ100 ዋት በታች ይስባሉ፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢሠሩም አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞሉም። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ያንኑ ያህል በሩብ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ለቤተሰቡ እንጀራ የሚጋግር ተከራይ ያልተጠየቀውን ጭማሪ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የምትጽፍ ሴት የምትጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህም በላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደረግ፣ መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው እንዳያልፍ ደንግጓል፤ የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። በዓመቱ መካከል «ቤት ስለዋልሽ» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ፣ ስሙ ቢለወጥም፣ የኪራይ ጭማሪ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መንግሥት ሠራተኞቹ ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ሲያደርግ፣ ከእነዚያ መካከል ስንቶቹ ተከራዮች እንደነበሩ እናስታውስ፤ ያኔ ቤታቸው ቢሮ ሆነ ያለ ሰው አልነበረም።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ በእኛ ሕንፃ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ስላለው የመብራቱ ክርክር አይነሳም። የምንቸገረው በድምፅ ነው። ደንበኞቹ አሜሪካ የሆኑ ሰው ሥራ የሚጀምረው ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ በስልክ ሲነጋገር ከግድግዳው ማዶ ሕፃን የሚያስተኛ ጎረቤት አለ። ይህ ግን የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ሊመልሰው የሚገባ ነው፤ ባለቤትም ሆነ ተከራይ ቢሆን ልዩነት የለውም።

እንጀራ ጋግራ የምታቀርብ ተከራይ፦ ከጀሞ የጻፉት ወንድሜ ለአባላችን ጥሩ ተከራክረዋል፣ ለእኔ ግን በር ዘግተውብኛል። ምጣዱን የጥፋት ምሳሌ ካደረግነው፣ ኮምፒውተር ያለው ሰው «ከቤቱ የሚሠራ» ተብሎ ይከበራል፤ ምጣድ፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም ሹሩባ የሚሠሩ እጆች ያሏት ሴት ደግሞ «ቤቱን ለንግድ ያዋለች» ተብላ ትባረራለች። ሱቅ ለመከራየት አቅም የሌለን እኛው ነን፤ ልጅ ጥለን ወጥተን መሥራት የማንችለውም እኛው ነን። እኔ ቤቱን ስከራይ ሥራዬን ሳልደብቅ ተናግሬ፣ ለክፍሌ ብቻ የምታነብ ትንሽ ቆጣሪ በራሴ ወጪ አስገጥሜአለሁ። የምጋግረው ጎረቤቶቼ ምጣዳቸውን በማይሰኩበት ሰዓት ነው፤ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲሰካ ፊውዙ እንደሚቃጠል ሁላችንም እናውቃለን። እንጀራውንም ለሱቆች የማደርሰው ራሴ ስለሆንኩ በግቢው በር የሚመጣ ገዢ የለም። ፈቃድ መጠየቅን አልቃወምም። የምቃወመው አከራዩ ያለ ምንም ምክንያት «አይሆንም» ሊል መቻሉን ነው።

የሕግ ባለሙያ የሆነ አባል፦ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ተከራይ ቤቱን በውሉ ለተመለከተው አገልግሎት ማዋል ግዴታው ስለሆነ፣ መኖሪያ ቤትን ወደ ሱቅ ወይም ወደ ማምረቻ መለወጥ ያለ አከራዩ ስምምነት አይቻልም። ነገር ግን በመኖሪያ ውስጥ መሥራት ሁሉ አገልግሎት መለወጥ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ፣ ሠራተኛ በመኖሪያ ቤቱ ወይም በመረጠው ቦታ ሆኖ ያለ አሠሪው የቅርብ ቁጥጥር የሚሠራበትን ውል ያውቃል፤ ቤቱም መኖሪያነቱን አያጣም። አባላችን የምትገኘው በዚህኛው ወገን ነው፣ ስለዚህ ፈቃድ የመጠየቅ ግዴታ አለባት ብዬ አላምንም። የእንጀራዋ እህታችን ጉዳይ ግን በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚሸጥ ምርት አለ፣ ነገር ግን የምትተኛውም እዚያው ነው። እንዲህ ላለው ጉዳይ መፍትሔው ውሉ ላይ ነው። የቤት ኪራዩ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስለሚያስገድድ፣ ስለ ሥራው ዓይነት፣ ስለ መብራቱ አከፋፈልና ስለ እንግዳ መግቢያ ሰዓት አንድ አንቀጽ መጨመር አያስቸግርም። ለሁለት ዓመት የሚፈረም ውል ላይ ይህን ሳይጽፉ መፈረም ለሁለቱም ወገን ጎጂ ነው።

አከራይ፣ ከጉለሌ፦ የቁጥሩን ማስረጃ ተቀብያለሁ፤ ለትርጉም ሥራ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ተገቢ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። እህቴ ያደረገችውን ዓይነት ቆጣሪ ላስገጠመ ተከራይም ምጣዱን አልከለክልም። ገዢ በግቢዬ በር የሚገባበት ሥራ ሲሆን ግን ምክንያት ሳልጠየቅ «አይሆንም» የማለት መብቴ እንዲጠበቅልኝ እፈልጋለሁ፤ በግቢው ውስጥ ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች አሉና።

እንጀራ ጋግራ የምታቀርብ ተከራይ፦ ጋሼ፣ በገዢው ጉዳይ ልስማማ እችላለሁ። የሚቀረኝ ጥያቄ የቆጣሪው ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ነቅዬ እወስደዋለሁ ወይስ ከቤቱ ጋር ይቀራል? የሚቀር ከሆነ ዋጋው ከኪራዩ ላይ እንዲታሰብልኝ በዚያው አንቀጽ ይጻፍ።