ክርክር፦ ቅሬ ከቀብር አልፎ የሰላምና የፍትሕ ጉዳይ ይያዝ?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄ ይህ ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያ ያሉ ቅሬዎች (ሌላው አገር እድር የሚላቸው) ሦስት ሥራ ይጀምሩ የሚል ሐሳብ አለ። በሰሜኑ ጦርነት የሞተውን፣ የጠፋውንና የተዘረፈውን በየሰፈሩ መመዝገብ፤ በጎረቤት መሃል የቀረውን ቂም በአባጋር (ጠበኛን በሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌዎች) ማስፈታት፤ መዝገቡን ለሽግግር ፍትሕ ተቋማትና ለተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት መድረኮች ማድረስ። የምትደግፉም የምትቃወሙም ከነምክንያታችሁ ጻፉ። የሰው ስም፣ የግል ታሪክና የብሔር ስድብ ይሰረዛል።

ቦርከና፦ እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። ቅሬ እስካሁን የቆመው ሳይጠይቅ ስለሚቀብር ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ የማን ደጋፊ ይሁን፣ ማንም አያጣራም፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ አበቃ። መዝገብ የተከፈተ ዕለት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ገደለው?» ነው። ጠቁሞ አስገደለ የሚባለው ሰው ወንድም እዚያው ቅሬ ውስጥ መቃብር ቆፋሪ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ መዋጮ ማቆም ይጀመራል፣ ቀጥሎ «ድርሻችን ይሰጠን» ይመጣል፣ ድስቱና አግዳሚው ይቆጠራል፣ ቅሬው ለሁለት ይገመሳል።

ሁለተኛ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርና እቁብን ከወሰኑ ያወጣቸው ባህላዊ ተቋም በመሆናቸው ነው። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ሰነድ ሰብስበን ጄኔቭ ላሉት የሰብአዊ መብት መድረኮች ስንልክ ያ ከለላ ይቀጥላል ብሎ የሚፈርምልን ማነው?

ጦሳ ሥር፦ ጋሽ ቦርከና፣ ሁለተኛው ነጥብዎ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ሥራውን መተው ሳይሆን መለየት ነው። ቅሬው እንዳለ ይቆይ። አዋጁ ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባል ይበቃል ይላል፤ ከተለያዩ ቅሬዎች የተውጣጡ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር ያቋቁሙ፣ የራሳቸው ማኅተም፣ የራሳቸው የባንክ ደብተር ይኑራቸው። የሚሠሩት በአንድ ክልል ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የክልሉን የምዝገባ ሕግ ይጠይቁ፤ የፌዴራሉ አዋጅ በዋናነት ከአንድ ክልል በላይ ለሚሠሩ ነው። ከቅሬው የሚፈለገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በጠቅላላ ጉባኤ «ሥራውን አንቃወምም» የሚል ውሳኔ እና ቤተሰብን የሚያገናኝ ሰው። 150 አባወራ ያለው ቅሬ ከሆነ ምልዓተ ጉባኤው 76 ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኘው ቁጥር፣ የደገፈው፣ የተቃወመው፣ ድምፅ ያላሰማው ተለይቶ ይጻፍ። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ቃለ ጉባኤ በኋላ ጠብ ሲመጣ ማንንም አያድንም።

የመጀመሪያው ነጥብዎ ላይ ግን አልስማማም። የሰፈር መዝገብ የገዳይ ስም አይጽፍም። የሚጽፈው፦ መለያ ኮድ፣ ቀን፣ ቀበሌና ጎጥ፣ ምን ሆነ፣ ነጋሪው ያየ ነው ወይስ የሰማ፣ ምን ማስረጃ አለ (የወሳኝ ኩነት ወረቀት፣ የሆስፒታል ካርድ፣ ፎቶ)። ተጠርጣሪን መሰየም የመርማሪና የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ቅሬ ያንን ከጀመረ አንቱ ያሉት ሁሉ ይደርሳል።

መርሳ ማዶ፦ የሁለታችሁም ክርክር አባጋርን ዘሎታል። «ቂሙን በአባጋር» ማለት ቀላል ነው፤ አካሄዱን እንየው። ሽማግሌ መጀመሪያ ሁለቱ ወገን ገበያ ላይና ውኃ መውረጃ ላይ እንዳይገናኙ ይለያል። ቀጥሎ በዳዩን ያሳምናል፤ ጥፋቱን ሳያምን እርቅ የለም። ከዚያ ካሳው ይቆረጣል፣ ዘመድ ያዋጣል፣ መሐላና ምርቃት ይከተላል። ደሙ ደረቀ የሚባለው ያኔ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በዳይና ተበዳይ አንድ ቀዬ ሲኖሩ፣ ሁለቱም የሚዋስላቸው ዘመድ ሲኖራቸው ነው። ከሩቅ መጥቶ ያለፈ የታጠቀ ኃይል ላደረሰው ግድያ ግን ማን ይቀመጣል? ማን ይምላል? ካሳውን የሚያዋጣው የማን ዘመድ ነው? በዳይ የሌለበት ሽምግልና መጨረሻው ተበዳይን «እርሳው» ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ እርቅ አይባልም።

ስለዚህ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ለሁለት ይከፈል። የጎረቤት ዘረፋ፣ በአደራ የቀረ ከብት፣ የጥቆማ ቂም፣ የድንበር ጠብ ወደ አባጋር (በራያ በኩል ዘወልድ ወደሚባለው ሽምግልና) ይሂድ። የታጠቀ ኃይል የፈጸመው ወደ መዝገብ። ሁለቱን አንድ ደብተር ላይ የጻፈ ሁለቱንም ያበላሻል።

ጦሳ ሥር፦ በደንብ ተባለ። ሕጉም ያንኑ ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ በአስገዳጅ መሰወርና ማሰቃየት በይርጋ አይታገዱም፣ በምሕረትም አይታለፉም ይላል። ምክር ቤት ያልቻለውን ሽማግሌ ሊምር አይችልም። በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ባህላዊ ሥርዓትን ያካተተው ከክስና ከእውነት ማፈላለግ ጎን ነው፤ በእነሱ ምትክ አይደለም።

ገራዶ፦ አንድም ሰው ስለ ሴት አላነሳም፤ ገና እዚህ ላይ ነው የማየው። የአባጋር ሸንጎ ላይ በአብዛኛው የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። ዱበርቲዎች (በዕድሜ የገፉ የሚከበሩ እናቶች) አሉ፣ ይመርቃሉ፣ ጠበኛን ይለማመጣሉ፤ ካሳ ሲቆረጥ ግን ቦታቸው ጠባብ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1325 ከ1993 ጀምሮ ሴቶች በሰላም ድርድር ይሳተፉ ይላል፤ እኛ ዘንድ የዚህ ትርጉም «ሴት ተወካይ ትኑር» የሚል አንድ መስመር ሆኖ ቀርቷል። ከምዝገባ ኮሚቴው ቢያንስ ግማሹ ሴት ካልሆነ ሴቶቹ የደረሰባቸውን አይናገሩም፤ መዝገቡ የወንድ ሬሳና የከብት ቆጠራ ብቻ ይሆናል።

ዋናው ግን ይህ ነው። የተደፈረችን ሴት ቅሬ አይመዝግብ። በፍጹም። ለአንዱ ኮሚቴ፣ ለአንዱ ጋዜጠኛ፣ ለአንዱ ድርጅት ደጋግማ ስትናገር ቁስሏ ይታደሳል፤ ቃሏም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ ፍርድ ቤት ላይ ይያዝባታል። የኮሚቴው ሥራ ማድረስ ብቻ ነው። አዲስ ጥቃት ከሆነ ሰዓት አለው፦ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፣ በዘገየ ቁጥር ግን ይደክማል። ልብሷን አትጠብ፤ የለበሰችው በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል ያሻግተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪምና የመርማሪ ነው።

አንድ አንባቢ፦ ይህ ሁሉ ወረቀት ከሚሆን መስከረም 11 የዓለም የሰላም ቀን ላይ ሰልፍ ብንወጣስ?

ጦሳ ሥር፦ ይቻላል፤ በአዋጅ 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ግን ሰልፍ ለአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ ሌላ ጊዜ እንከራከርበት።

ቦርከና፦ «የዓለም መድረክ» የምትሉት ላይ ልምጣ። ወሎ ይህን ቀምሳለች። በ1965 ረሃቡን እዚህ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው አይተው፣ ፎቶውን አዲስ አበባ ወስደዋል። ዓለም የሰማው ግን የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ሲታይ ነው። እሺ፣ እርዳታ መጣ። ያው ፊልም ከንጉሡ ድግስ ጋር ተቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። የተራቡት ሰዎች ምስላቸው ለዚያ እንዲውል ማን ጠየቃቸው? በ1977 ደግሞ የኮረም ምስል ዓለምን ዞረ፤ እስከዛሬ ወሎ ሲባል ውጭ ያለው ሰው የሚያየው የከሳ ሕፃን ነው። ነገ የምንልከውን መዝገብስ ማን ከምን ጋር ይቀጥለዋል?

ደግሞ መድረኩ ራሱ ይዘጋል። የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያን እንዲመረምር ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2016 መጀመሪያ ሳይታደስ አበቃ። ሄግ ሄግ ለሚሉትም፣ ኢትዮጵያ እዚያ ያለውን ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት አባል አይደለችም።

ጦሳ ሥር፦ ጋሽ ቦርከና፣ እስካሁን ከተባለው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ለዚህም ነው ፈቃድ አንድ ፊርማ መሆን የሌለበት። ሦስት የተለያየ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ለእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ይሰጥ? ለፍርድ ቤት ይሰጥ? ለሕዝብ ይታተም? አንዱን እሺ ብሎ ሌላውን እንቢ ማለት ይቻላል፤ እሺ ያለውም በኋላ መተው ይችላል። ፊቱ የሚታይ ፎቶና ቪዲዮ ለሦስተኛው ብቻ፣ ያውም በተለየ ፈቃድ። የስልኩ ካሜራ ቦታ መመዝገቢያው ይጥፋ፤ ፎቶ ከነቦታው ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ ኮድ መስጠቱ ከንቱ ነው።

ስለ መድረኩ፦ ኮሚሽን ይዘጋል፣ ወረቀት ግን ቀጣዩን ይጠብቃል። የተባበሩት መንግሥታት ሁለንተናዊ ወቅታዊ ግምገማ አለ፤ እያንዳንዱ አገር ስለ ሰብአዊ መብት አያያዙ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ አንዴ ይጠየቃል፤ የኢትዮጵያ የመጨረሻው ተራ ኅዳር 2017 ነበር። አንድ ማኅበር ለብቻው ሲያቀርብ 2,815 ቃል ነው የሚፈቀድለት፣ ተጣምረው ሲያቀርቡ 5,630። ከዚያ ያለፈው ተመላሽ ነው። በአማርኛ አይቀበሉም። ስለዚህ 300 ገጽ መዝገብ አይላክም፤ የሚላከው አሥር ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነው፤ ምን ያህል ሰው፣ የት፣ ምን ዓይነት ጉዳት፣ ምን ይደረግ። የሰው ስም አይወጣም። የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2417 (ግንቦት 2010) ሲቪሎችን ማስራብን እንደ ጦር ስልት መጠቀምን አውግዟል፤ የተቃጠለ አዝመራና የተዘረፈ ወፍጮ በዚያ ሥር ይገባል። ግን ስንት ኩንታል፣ ከየት ጎጥ፣ በየትኛው ወር እንደሆነ መጻፍ ያለበት እዚህ ያለ ሰው ነው።

መርሳ ማዶ፦ ትርጉሙ ላይ ብዙ ሰነድ ይሞታል። «ጥቅምት 20 ቀን 2014» ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ «ኦክቶበር 20» ይሆናል፤ ትክክለኛው ኦክቶበር 30 ቀን 2021 ነው። አሥር ቀን ስትስት ሌላ ኃይል የያዛት ከተማ ላይ ትደርሳለህ፤ ያኔ ምስክሩ ሐሰተኛ ይባላል። «ጠዋት 3 ሰዓት» ሌሊት ሆኖ ይተረጎማል። በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ ሰዓቱም «ከፀሐይ መውጣት በኋላ» ተብሎ ይብራራ።

ድርብ ቆጠራም አለ። አንድ ሟች በቤት ስሙ አንድ ቅሬ ውስጥ፣ በክርስትና ስሙ ሌላ ቅሬ ውስጥ ይመዘገባል። የእናት ስም፣ ዕድሜና የተቀበረበት ቦታ ሦስቱ ከገጠሙ አንድ ሰው ነው። ይህን ማጣራት ያለበት ከሁለቱም ቅሬ የተወከለ ሰው ነው፤ ኮምፒውተር አያውቀውም።

ሐይቅ ዳር፦ ተፈናቃዩን ረሳችሁት። በመጠለያ ያለው ሰው ቅሬ የለውም፤ ሲሞት እንኳን የሚቀብረው የጎረቤት በጎ ፈቃድ ነው። ኢትዮጵያ የካምፓላን ስምምነት (የአፍሪካ ኅብረት የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ስምምነት) በ2012 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 13 መንግሥት ተፈናቃዮችን ይመዝግብ፣ የጠፋባቸውን ሰነድ ይተካ ይላል። ይህ ጄኔቭ መሄድ አይጠይቅም፤ ወረዳ ቢሮ የሚቀርብ ማመልከቻ ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው ሲም ካርድ አያወጣም፣ ባንክ አይከፍትም፣ ልጁን ለፈተና ማስመዝገብ ይቸግረዋል። ቅሬዎች አንድ ነገር ብቻ ይሥሩ ብባል፣ ለመጠለያው ሰው ምስክር ሆነው ከማመልከቻው ጋር ወረዳ ይሂዱ እላለሁ።

ሒሳብ ሹም፦ ገንዘቡን በሁለት መስመር። ከለቅሶ ሣጥን አንድ ብር አይነካ። በቀድሞው አዋጅ 621/2001 በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ከ10 በመቶ መብለጥ አይችልም ነበር፤ ያ ቀርቷል፣ አሁን ያለው ገደብ የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ አይለፍ የሚል ነው። ገደቡ ተነሣ ተብሎ መጀመሪያ ገንዘብ ፈላጊ የሆነ ማኅበር ግን ሥራውን የሚወስነው ለጋሹ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ደብተር፣ ፎቶ ኮፒና የተቆለፈ ሣጥን ይበቃዋል።

ባቲ ሰኞ፦ ሁላችሁም ያለፈውን ትቆጥራላችሁ። የሚመጣውን ማን ይቆጥር? የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ቆላና ደጋን ያገናኛል፤ የአፋሩ ግመል፣ የደጋው እህል። መንገድ ሲፈራ መጀመሪያ የሚቀረው ከሩቅ የሚመጣው ነጋዴ ነው። አንድ ሰው በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ቆሞ ከየአቅጣጫው የገባውን ቢመዘግብ፣ ሁለት ሰኞ ተከታትሎ ሲጎድል ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይላካል። ይህ መዝገብ የማንም ስም የለበትም፣ ማንንም አያስቆጣም። ጋሽ ቦርከናም ይህን የሚቃወሙ አይመስለኝም።

ቦርከና፦ ይህን አልቃወምም። የሐይቁንም አልቃወምም፤ ምስክርነት ቅሬ ድሮም ይሰጣል። የሟች መዝገብ ላይ ግን አሁንም አይሆንም ባይ ነኝ፤ ለጦሳ ሥር አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮዱንና ስሙን የሚያገናኘው ወረቀት የት ይቀመጣል? ኬላ ላይ ቢያዝስ? አሻራ ያለበት የፈቃድ ቅጽ ደግሞ ስም ባይኖረውም ሰውየውን ይነግራል።

ጦሳ ሥር፦ አሻራው ልክ ነው፤ በቅጹ ላይ አይኑር፣ ፈቃዱ በሁለት ምስክር ፊት በቃል ይሰጥና ኮዱ ላይ ምልክት ይደረግ። ማገናኛው ወረቀት ከመዝገቡ ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ስልክ ውስጥ አይገኝ። ሁለት ቅጂ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ኮሚቴው ውስጥ በሌሉ ሁለት ሰዎች ዘንድ፤ አንዱ ከመስጊድ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ወገን ቢሆን ይመረጣል። ማሸጊያው ላይ ሦስት ፊርማ ይረፍ፣ በየስድስት ወሩ ሳይከፈት ይታይ።

ቦርከና፦ ፖስታውን የያዘው ሰው ቢሞትስ?

ገራዶ፦ ቅሬው መጀመሪያ የሚሰማው ያንን ነው ጋሽ ቦርከና። ቀብሩ ሳይውል ኮሚቴው ፖስታውን ከቤተሰቡ ይረከብ፤ ይህም መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ።

ቦርከና፦ ለቅሶ ቤት ገብቶ ወረቀት የሚጠይቀው ማን እንደሚሆንም አብሮ ይጻፍ።