«አሃዳዊ» ሲባል ውይይቱ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲወራ አንዱ «አሃዳዊ»፣ ሌላው «ጎሰኛ» ካለ በኋላ ዋናው ጉዳይ ይረሳል። አወያይ ምን ያድርግ?

መልስ፦ ቃሉን አይከልክሉ፤ ያስፈቱት። «አሃዳዊ» ሥልጣን በማዕከል የሚጠቃለልበት የመንግሥት አወቃቀር ስም ነው፤ አሁን ግን የሰው መጠሪያ ስለሆነ፣ የተባለው ሰው ሐሳቡን ትቶ ራሱን መከላከል ይጀምራል። ተናጋሪውን «የትኛው ሥልጣን ከክልል ይወሰድ ተባለ? ፖሊስ? መሬት? የትምህርት ቋንቋ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ከዚያ የተወቀሰው ወገን «አዎ፣ ይህን ብያለሁ» ወይም «አላልኩም» ይበል። ሰሌዳው ላይ «መሬት» ከተጻፈ ክርክሩ ስለ መሬት ይሆናል።

መልስ፦ እስማማለሁ፤ «ነፍጠኛ» ግን ከዚህ ይከብዳል። መነሻው ነፍጥ ያዥ ወታደር ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደቡብ ከሰፈሩት ጋር ተያያዘ። ዛሬ አንዱ የያኔውን ሥርዓት ለማለት ሲናገር ሌላው አማራ ተብሎ እንደተሰደበ ይሰማዋል፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው። ተናጋሪው ስለ ሥርዓቱ ከሆነ የሚያወራው ዘመኑን፣ ቦታውንና የገባሩን (ለባለ መሬቱ ይገብር የነበረውን ገበሬ) ግዴታ ይጥቀስ። ስለ ሰው ከሆነ እዚያው ያስቁሙት።

መልስ፦ «ብሔር»ንም አትርሱ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ለ«ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» አንድ ትርጉም ብቻ ነው የሰጠው። «እኛ ብሔር ነን፣ እናንተ ብሔረሰብ» የሚል ካለ አንቀጹን ጮክ ብሎ ያንብበው።