የጡት ካንሰር ውጤት፦ «ግሬድ 3» እና «ስቴጅ 3» አንድ ናቸው?

ጥያቄ
የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ የ41 ዓመቷ ታናሽ እህቴ በግራ ጡቷ ላይ ሕመም የሌለው ጠጣር እብጠት ካገኘች በኋላ በቀጭን መርፌ የተወሰደላት ናሙና ካንሰር መሆኑን አመለከተ። ሐኪሟ ግን በዚያ ሳይወሰን በወፍራም መርፌ ሌላ ናሙና እንዲወሰድ አዘዘ። አሁን የደረሰን ወረቀት «ኢንቬዚቭ ዳክታል ካርሲኖማ፣ ግሬድ 3፣ ድምር 8» ይላል። እናታችን «ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል» ሲባል ሰምተው እህል መቅመስ ትተዋል። በእርግጥ በሽታው ተሠራጭቷል ማለት ነው? መርፌውስ ሁለት ጊዜ ለምን አስፈለገ?

መልስ 1 (የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ማለትም ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር)
በቅድሚያ እናትዎን ያረጋጓቸው። ግሬድም ስቴጅም በአማርኛ «ደረጃ» እየተባሉ ስለሚተረጎሙ ይህን ስሕተት ደጋግሜ አያለሁ። ግሬድ የካንሰሩ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛው የጡት ሕዋስ ምን ያህል እንደራቁ የሚለካበት ሲሆን፣ ስቴጅ ደግሞ የእብጠቱን መጠን፣ የብብት ንፍፊቶችን ሁኔታና በሽታው ወደ ሌላ አካል መዛመት አለመዛመቱን የሚገልጽ ነው። ለግሬድ ሦስት ነገሮችን እናያለን፦ ሕዋሳቱ የቱቦ ቅርጽ ይሠራሉ ወይ፣ ኒውክሊየሳቸው (የሕዋሱ እምብርት) ምን ያህል ተዛብቷል፣ በመከፋፈል ላይ ያሉትስ ስንት ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጥና ድምሩ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3 ይባላል። ይህ ካንሰሩ ፈጥኖ የማደግ ጠባይ እንዳለው ይናገራል እንጂ የት እንደደረሰ አይናገርም።

ቀጭኑ መርፌ የተበታተኑ ሕዋሳትን ብቻ ስለሚቀዳ፣ ካንሰሩ በወተት ቱቦ ውስጥ ተወስኖ ይኑር ወይም ቱቦውን ጥሶ ይውጣ አይለይም። ወፍራሙ መርፌ ግን የሥጋ ቅንጣቢ ስለሚያወጣ ይህን ያሳያል («ኢንቬዚቭ ዳክታል ካርሲኖማ» ማለት የወተት ቱቦውን ጥሶ የወጣ ካንሰር ማለት ነው)፤ የሆርሞን ተቀባዮች (ሆርሞን የሚይዙ የሕዋሱ ፕሮቲኖች) እና የኸር 2 (የሕዋሱን እድገት የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ HER2) ምርመራም በዚያው ቅንጣቢ ላይ ይሠራል። ሐኪሟ ትክክል ሠርቷል።

መልስ 2 (አስታማሚ)
የአክስቴ ካንሰር ሎቡላር (ከወተት ዕጢዎች የሚነሳ) የሚባለው ዓይነት ነበር። ሕዋሳቱ እርስ በርስ ስለማይያያዙ በነጠላ ሰልፍ እየሰረጉ ይገባሉ እንጂ ጉልህ እብጠት ላይሠሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) «ምንም የለም» ስላለ ወራት አለፉብን፤ የጡቷ ቆዳ ወደ ውስጥ መጎተቱን አስተውላ እንደገና ባትመለስ ኖሮ ናሙና የሚወስድላትም አልነበረም። የምስል ውጤት ንጹሕ ቢሆንም እጅ የሚዳስሰው ወይም ዓይን የሚያየው ለውጥ ካለ ናሙና መወሰድ አለበት የምለው ለዚህ ነው። የተቀባዮቹን ውጤት ሳይዙ ስለ መድኃኒት ከመወሰን ይጠንቀቁ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልትራሳውንዱ 2.8 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ በብብቷ አንድ አጠራጣሪ ንፍፊት መኖሩም ተጽፏል። የተቀባዮቹ ምርመራ በአዲስ አበባ እንዲሠራ ታዟል።

መልስ 3 (የፓቶሎጂ ሐኪም)
ወደ አዲስ አበባ የሚላከው በሰም የታሸገው የናሙናው ቁራጭ (ብሎክ) ስለሆነ፣ ሲረከቡ ቁጥሩ ከውጤቱ ወረቀት ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ። ናሙናው በፎርማሊን (እንዳይበላሽ በሚቀመጥበት ፈሳሽ) ውስጥ የቆየበት ጊዜ ከ6 ሰዓት ካነሰ ወይም ከ72 ሰዓት ከበለጠ የተቀባዮቹ ውጤት ሊዛባ ስለሚችል ይህንንም ይጠይቁ። ኸር 2 «2+» ሆኖ ከመጣ አዎንታዊም አሉታዊም አይደለም፤ ሌላ ማረጋገጫ ምርመራ ይከተለዋል። የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ተቀባይ ከተገኘ ግን እንደ ታሞክሲፌን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ከሕክምናው አንዱ ክፍል ይሆናል።

ስለ ስቴጁ፦ ከንፍፊቱ በመርፌ ተወስዶ ካንሰር ካልተገኘና ሌላ አካል ንጹሕ ከሆነ ስቴጅ 2ሀ (2A) ነው። በዚያ በአንዱ ተንቀሳቃሽ ንፍፊት ብቻ ቢገኝ እንኳ ስቴጅ 2ለ (2B) ይሆናል እንጂ 3 አይሆንም። ለእናትዎ ይህን ይንገሯቸው።