አልጋዬ ላይ ስወጣ እንቅልፌ ይጠፋል፤ እባካችሁ ምከሩኝ
ላለፉት 4 ወራት ማታ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳነብ ዓይኔ እየተከደነ ያስቸግረኛል፤ አልጋዬ ላይ ስወጣ ግን ልቤ በኃይል መምታት ይጀምርና እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ነቅቼ እቆያለሁ። ከድካሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ የጠባዬ መለወጥ ነው፤ ጥቂቱ ነገር ያስቆጣኛል፣ ልጆቼንም ያለ ጥፋታቸው እገሥጻለሁ።

ለእንቅልፍ እጦት በሚሰጠው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፣ አእምሮ አልጋን ከንቃት ጋር ማያያዙን እንዲተው፣ እንቅልፍ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ካልመጣ ተነሥቶ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መመለስ እንደሚመከር አንብቤ ለ2 ሳምንታት ሞክሬያለሁ፤ ሆኖም በአንድ ሌሊት 5 ጊዜ እየተነሣሁ ይባስ ደከምኩ። ይህ በጅማሬው የሚጠበቅ ነው ወይስ አፈጻጸሜ ተሳስቷል? በዚህ ሕክምና ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።