በደጋ የሣር መሬት ላይ ዩሪያ ቢበተን የአፈሩ ጥቃቅን እንስሳት ምን ይሆናሉ?

የዳባት ሰው፦
ጤና ይስጥልኝ። ዳባት አካባቢ ለአጨዳ የተከለለ የሣር መሬት ላይ በሄክታር 1 ኩንታል ዩሪያ ሊበተን ታስቧል። ሣሩ እንደሚጨምር የታወቀ ነው። ከሥሩ ያሉት ማይት (መዥገር መሰል ጥቃቅን እንስሳት)፣ ኮሌምቦላ (ክንፍ አልባ ጥቃቅን ፈንጣሪዎች) እና ኔማቶዶች (በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ትሎች) ግን ምን ይሆናሉ? ጉዳት መድረሱ በምን ይታወቃል?

አፈር በእጅ፦
1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። በዚህ መጠን ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው ጠቅላላ ቁጥሩ ሳይሆን ስብጥሩ ነው። ባክቴሪያ ስለሚፋፋ ባክቴሪያ በል ኔማቶዶች ቶሎ ይረባሉ፤ አዳኞቹና ሁሉን በሎቹ ይሳሳሉ። ኦሪባቲድ የሚባሉት ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው ማይቶች እድገታቸው አዝጋሚ፣ እንቁላላቸውም ጥቂት ስለሆነ አንዴ ከተመቱ በቀላሉ አይመለሱም። ስለዚህ ቆጥሮ «በዝተዋል፣ ደህና ነው» ማለት ያሳስታል።

ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። የዩሪያው ፍሬ የወደቀበት ነጥብ ላይ አሞኒያ ለጥቂት ቀናት ያቃጥላል፤ ይኼ ያልፋል። የማያልፈው፣ አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት የሚተወው አሲድ ነው። የደጋ አፈር ደግሞ በብዙ ቦታ ድሮም አሲዳማ ነው። መጀመሪያ ፒኤች (የአፈሩ አሲድነት) ይለካ። በዚያ ላይ ሣሩ ሲያጠላበት ማገጡ (ክሎቨር) ይሞታል፤ እሱን ተከትለው የሚኖሩትም አብረው ይቀንሳሉ።

ወንፊት፦
ጉዳቱን ለመለየት 10 በ10 ሜትር የሆኑ 8 መደቦች ይከለሉ፣ በመካከላቸው 2 ሜትር ክፍተት ይተው። 4ቱ ባዶ ይቅሩ፤ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው 1 ኪሎ ዩሪያ፣ ግማሹ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ግማሹ ነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል። ደረቅ አፈር ላይ ከተበተነ ናይትሮጅኑ በንኖ ይሄዳል።

መስከረም ላይ አፈሩ ሳይደርቅ 5 ሴንቲ ስፋት ባለው የብረት ቱቦ 5 ሴንቲ ጥልቀት ይወሰድ። ሳይፈረካከስ፣ ሣር የነበረበት ፊቱ ወደ ታች ሆኖ 2 ሚሊ ቀዳዳ ባለው ወንፊት ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ማጥለያ (ፈነል) እና 70 በመቶ አልኮል፣ ከላይ 25 ዋት የሚሞቅ አምፖል፤ እንስሳቱ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ አልኮሉ ይወርዳሉ። (አረቄ አይሆንም፤ ውሃው ይበዛል።) ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፦ አምፖሉን መጀመሪያውኑ አስጠግቶ ያበራል፣ እንስሳቱ ሳይወርዱ እዚያው ደርቀው ይቀራሉ። ከፍ ተደርጎ ተጀምሮ በየቀኑ ዝቅ ይበል፤ 7 ቀን በቂ ነው። መብራት ከጠፋ የጠፋውን ያህል ይራዘም። ኔማቶድ ግን በዚህ አይወጣም፤ ለእሱ አፈሩ በስስ ወረቀት ተጠቅሎ ውሃ ውስጥ ለ48 ሰዓት ይነከራል።

የዳባት ሰው፦
እግዜር ይስጥልኝ። በዩሪያው ፋንታ የተብላላ ፍግ ቢሆንስ?

አፈር በእጅ፦
ኩበት ሆኖ ምድጃ ካልቀደመው ይሻላል። ለአንድ መደብ 50 ኪሎ፣ በሄክታር 5 ቶን ማለት ነው። ለኮሌምቦላና ለምድር ትል ምግብ ይሆናል፣ አሲዱንም አያባብስም። ብቻ በቅርቡ አይቨርሜክቲን (የጥገኛ ተባይ መድኃኒት) ከተወጉ ከብቶች የወጣ ፋንድያ አይጨመርበት፤ መድኃኒቱ እበቱ ውስጥ ስለሚቆይ እበት የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ይገድላል።