ልጃችን አክቹዋሪያል ሳይንስ ትማር ወይስ ሒሳብ? ምክር እንጠይቃለን

ጠያቂ፦ አባት ከክላርክስተን

ጤና ይስጥልኝ። ሴት ልጄ እዚህ ጆርጂያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። ሒሳብ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው ትምህርት ሲሆን፣ ኤፒ ካልኩለስንም (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠውን የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት) በጥሩ ውጤት አጠናቃለች። ከጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአክቹዋሪያል ሳይንስ (የመድንና የጡረታ ወጪን በሒሳብ በሚተምነው ሙያ)፣ አቴንስ ከሚገኘው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሒሳብ ለመማር ተቀባይነት አግኝታለች። ሁለቱም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በመሆናቸው የሆፕ ስኮላርሺፕ (የጆርጂያ ግዛት የትምህርት ክፍያ ድጋፍ) በሁለቱም ይሠራላታል፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ከቤት እየተመላለሰች መማር የምትችል መሆኗ፣ በሁለተኛው ግን የመኖሪያና የምግብ ወጪ የሚጨመር መሆኑ ነው።

እኔና እናቷ ይህን ሙያ የምናውቀው በስሙ ብቻ ነው። ደመወዙ ጥሩ እንደሆነ ብንሰማም፣ ከዲግሪው ሌላ ለዓመታት የሚዘልቅ ፈተና እንዳለበት ሲነገረን ግራ ተጋባን። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ይህን ሥራ ወደፊት ኮምፒውተር ይወስደዋል ብሎ አሳስቦናል። ስለዚህ የሙያው ባለቤቶች ብትኖሩ እንድታስረዱን እጠይቃለሁ፦ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለ ጠባብ የሚመስል ዲግሪ መምረጧ ያዋጣታል ወይ? ፈተናው ከዲግሪው ጋር እንዴት ይያያዛል? አንድ ቀን ኢትዮጵያ ሄዳ የመሥራት ሐሳብም ስላላት፣ ሙያው እዚያ ይፈለጋል ወይ?

መልስ፦ የአረቦን ስሌት

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ በመኪናና በቤት መድን ዘርፍ የምሠራ አክቹዋሪ ስለሆንሁ በሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ሲገባዎት የመጀመሪያው በአብዛኛው ይፈታል።

አሜሪካ ውስጥ ሰውን አክቹዋሪ የሚያሰኘው የሙያ ማኅበሩ ፈተና ነው። ማኅበራቱ ሁለት ሲሆኑ፣ ኤስ.ኦ.ኤ. የሚባለው በዋናነት በሕይወት መድን፣ በጤናና በጡረታ ላይ፣ ሲ.ኤ.ኤስ. የሚባለው ደግሞ በመኪና፣ በቤትና በሌላ የንብረት መድን ላይ ያተኩራሉ። ፒ የሚባለው የፕሮባቢሊቲ ፈተናና ኤፍ.ኤም. የሚባለው የፋይናንስ ሒሳብ ፈተና በሁለቱም ዘንድ ስለሚያገለግሉ፣ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከሁለቱ አንዱን ማኅበር ለመምረጥ አትገደድም። ለፈተና ለመቀመጥ የአክቹዋሪያል ሳይንስ ዲግሪ ወይም ሌላ የተለየ ዲግሪ አይጠየቅም፤ በሒሳብ፣ በስታቲስቲክስ፣ በፊዚክስ ወይም በኢኮኖሚክስ ተመርቀው ወደ ሙያው የገቡ ብዙ ናቸው። በእንግሊዝና በደቡብ አፍሪካ ያለው አሠራር ከዚህ ይለያል፤ እዚያ የታወቀ ፕሮግራም ውስጥ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ከመጀመሪያዎቹ የማኅበሩ ፈተናዎች ከብዙዎቹ ነፃ ስለሚደረግ የዲግሪው ስም ትልቅ ክብደት አለው። እዚህም አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በኤስ.ኦ.ኤ. ዕውቅና ለተወሰኑ ፈተናዎች የኮርስ ውጤት ያስቆጥራሉ፤ በምርጫችሁ ውስጥ ያሉት ይህን ይሰጡ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የፒ ፈተና 30 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት፣ 3 ሰዓት የሚፈጅ፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ነው። በሙያው ውስጥ ለአንድ የፈተና ሰዓት 100 የጥናት ሰዓት ይያዝ የሚል የቆየ ምክር አለ፤ በዚህ ስሌት ለፒ ብቻ 300 ሰዓት ያህል ይሄዳል ማለት ነው። የሚያስቸግረው የሒሳቡ ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡን ከመድን ውል ጋር ማገናኘት ነው። አንድ ምሳሌ ላሳይዎት።

በአደጋ የሚደርስ ጉዳት ከ0 እስከ 10,000 ዶላር ባለው መካከል በየትኛውም መጠን እኩል ሊሆን ይችላል እንበል። መድን ገቢው የመጀመሪያውን 2,000 ዶላር ከኪሱ እንዲሸፍን ውሉ ያስገድደዋል፤ ዲዳክቲብል የምንለው ይህ ነው። መድን ሰጪው በአማካይ ስንት ይከፍላል? ብዙ ተማሪ አማካዩ ጉዳት 5,000 ስለሆነ 2,000 ቀንሶ 3,000 ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን 3,200 ነው። ጉዳቱ ከ2,000 በታች ሲሆን መድን ሰጪው የሚከፍለው ዜሮ ነው፤ በቀጥታ መቀነሱ ግን በእነዚያ አደጋዎች ላይ መድን ገቢው በአማካይ 1,000 ዶላር ለድርጅቱ የሚመልስ ያስመስለዋል። ይህ የሚሆነው ከመቶው በ20 እጅ አጋጣሚ ስለሆነ የ200 ዶላር ስሕተት ይፈጥራል። ለአንድ ውል 200 ዶላር ጥቂት ቢመስልም፣ በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ውሎች ላይ ሲባዛ አረቦኑ (መድን ገቢው ለመድኑ የሚከፍለው ዋጋ) ትክክለኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስን ነው። ልጅዎ ይህን ጥያቄ ስታየው ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ወረቀት ካነሣች ሙያው ይስማማታል ብዬ አምናለሁ። ኤስ.ኦ.ኤ. የፒ ናሙና ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በነፃ ስለሚያቀርብ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመምረጧ በፊት የተወሰኑትን ትሞክራቸው።

የሒሳብ ዲግሪውን ከመረጠች አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። ኤስ.ኦ.ኤ. ከፈተናዎቹ ሌላ በኢኮኖሚክስ፣ በአካውንቲንግና ፋይናንስ፣ እንዲሁም በማቴማቲካል ስታቲስቲክስ ቢያንስ ቢ ማይነስ የተገኘባቸው የጸደቁ ኮርሶችን ይጠይቃል። በአክቹዋሪያል ሳይንስ ፕሮግራም እነዚህ በተለምዶ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የተካተቱ ናቸው፤ የሒሳብ ተማሪ ግን አስባ መርጣ መውሰድ ይኖርባታል።

መልስ፦ የጤና መድን ሠራተኛ

ከላይ የተጻፈውን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን አንባቢው ዲግሪው ጥቅም የለውም ብሎ እንዳይወስደው እፈራለሁ። እኔ የተመረቅሁት በአክቹዋሪያል ሳይንስ ነው። ከፕሮግራሙ ያገኘሁት ትልቁ ነገር አብረውኝ ለፈተና የሚያጠኑ ጓደኞች ናቸው። አንዱ ያልገባውን ሌላው ያስረዳል፤ ፈተና የወደቀ ተማሪም ብዙዎች ወድቀው እንደገና ሲቀመጡ ስለሚያይ ተስፋ አይቆርጥም። ይህን የሚያህል ጥናት ለብቻ መወጣት እጅግ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የሥራ ጉዳይ ነው። መድን ሰጪዎችና አማካሪ ድርጅቶች ለሚቀጥለው በጋ ተለማማጆችን የሚመለምሉት ባብዛኛው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ወዳለበት ግቢ ራሳቸው ይመጣሉ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለች ተማሪ በዚያ ወቅት አንድ ወይም ሁለት ፈተና አልፋ ከተገኘች ዕድሏ ሰፊ ነው፤ ተለማማጅ ሆና በሚገባ የሠራች ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ትቀጠራለች። ከተቀጠሩ በኋላ አብዛኞቹ ድርጅቶች የፈተናውን ክፍያና የመጻሕፍቱን ዋጋ ይሸፍናሉ፣ በሥራ ሰዓት የማጥኛ ጊዜ ይሰጣሉ፣ ፈተና ሲታለፍም ደመወዝ ይጨምራሉ። ስለዚህ ለዓመታት የሚዘልቅ የተባለው ፈተና ደመወዝ እየተከፈለ የሚጠና መሆኑን እናቷም ይወቁት።

ስለ ጥበቱ ብዙ አይጨነቁ፤ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ለሒሳብም ለስታቲስቲክስም የሚያገለግሉ በመሆናቸው በሁለተኛው ዓመት ሐሳቧን ብትቀይር ያለፈው ድካም አይባክንም። ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ስሌቱን ዛሬም የሚሠራው እሱ ነው፤ የትኛው መረጃ እንደሚታመን መወሰን፣ ውጤቱን ለኃላፊዎች ማስረዳትና ፊርማን አኑሮ ኃላፊነት መውሰድ ግን የባለሙያው ድርሻ ነው። ከኤክሴል ሌላ ኤስ.ኪው.ኤል.ና አር ወይም ፓይተን የሚባሉትን የኮምፒውተር ቋንቋዎች እንድትማር፣ የጽሑፍና የንግግር ችሎታዋንም እንድታዳብር እመክራለሁ።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ

እኔ አዲስ አበባ በመድን ሥራ ላይ ስለሆንሁ ሦስተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ሙያው እዚህ እጅግ ይፈለጋል፤ ባለሙያው ግን ጥቂት ስለሆነ ድርጅቶች አገልግሎቱን ብዙ ጊዜ ከውጭ አማካሪዎች፣ በተለይ ከኬንያ፣ ይገዛሉ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በአክቹዋሪያል ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠቱ ለጎረቤቶቻችን ምን ያህል እንደጠቀማቸው ከዚህ ይታያል።

ጡረታውን ብቻ ይመልከቱ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የሚመራ ሲሆን፣ በሲቪል ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜም 60 ዓመት ነው። ይህ 18 በመቶ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ወጣት ጡረታ በሚወጣበት ጊዜ ይበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ የደመወዝ ዕድገትን፣ የዋጋ ንረትንና ከ60 ዓመት በኋላ የሚኖረውን ዕድሜ አንድ ላይ አስልቶ መመለስ የአክቹዋሪ ሥራ ነው። ጥያቄው የሚሊዮኖችን እርጅና የሚነካ በመሆኑ በአገር ልጆች ቢሠራ ደስ ይለኛል።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣል። አባልነት በፈቃድ በሚሆንበት ጊዜ ሕመም ያለበት ቤተሰብ ቀድሞ ይገባል፣ ጤነኛው ይዘገያል፤ በዚህ ጊዜ በአማካይ ቤተሰብ ላይ የተሰላው መዋጮ ለሕክምናው ወጪ አይበቃም። ከዚህም ሌላ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲያቀርቡ ስለሚያዝዝ፣ ለሠራተኞች ወደፊት የሚከፈል የስንብት ክፍያ እንኳ በአክቹዋሪ ስሌት መገመት አለበት።

ልጅዎ ልትዘጋጅበት የሚገባው ችግር የመረጃ እጥረት ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የልደትና የሞት ምዝገባም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሰው በየዕድሜው ምን ያህል እንደሚሞት የሚያሳይ አገር በቀል ሰንጠረዥ ሳይኖር የሕይወት መድንን አረቦን መተመን ከባድ ስለሆነ፣ ከሌላ አገር ሰንጠረዥ መበደርና ማስተካከል ይመጣል። ስለዚህ ከሒሳቡ ጎን ዴሞግራፊ የሚባለውን የሥነ ሕዝብ ጥናት እንድትወስድ፣ ከማኅበራቱም ጡረታንና ሕይወት መድንን ወደሚይዘው እንድታዘነብል እመክራለሁ።

ጠያቂ፦ አባት ከክላርክስተን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዲዳክቲብሉን ጥያቄ ሰጠኋትና የመጀመሪያ መልሷ 3,000 ነበር፤ በኋላ ግን ራሷ ሥዕል ሥላ 3,200 ላይ ደረሰች። ጆርጂያ ስቴትን ወደ መምረጡ አዘንብለናል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በመጀመሪያው ዓመት ፈተና ልሞክር ብትል በየትኛው ትጀምር?

መልስ፦ የአረቦን ስሌት

አብዛኛው ተማሪ በፒ ይጀምራል። የኢንቲግራል ካልኩለስን በሚገባ ካጠናቀቀች እሷም በዚያው ትጀምር፤ የፕሮባቢሊቲ ኮርሱን በምትወስድበት ሴሚስተር ጎን ለጎን አጥንታ ኮርሱ እንዳለቀ ብትቀመጥ ድካሟ ይቀንሳል። ካልኩለሱ ገና ከሆነ ግን ኤፍ.ኤም. ይቅደም፤ እሱ በአብዛኛው በወለድ፣ በብድር አከፋፈልና በቦንድ ዋጋ ላይ ያተኮረ በመሆኑ ከካልኩለስ ይልቅ ተከታታይ ድምርን መቻል ይፈልጋል። በፈተናው የሚፈቀደው ካልኩሌተር የተወሰነ ስለሆነ ከመግዛቷ በፊት ዝርዝሩን ትመልከት፤ ለኤፍ.ኤም. ቢ.ኤ. 2 ፕላስ የሚባለውን ገዝታ ከመጀመሪያው የጥናት ቀን ጀምሮ በእሱ ብቻ ትለማመድ።