ሞንስቴራዬ ፖት ከቀየርኩላት ወዲህ አንገቷን ደፍታለች

የሰገነት አትክልተኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሞንስቴራዬ (ያቺ ቅጠሏ ሰፊና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቤት ተክል) ስር በፖቱ ቀዳዳ ስለወጣ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ትልቅ ፖት አዛወርኳት። አሮጌውን አፈር በውሃ አጥቤ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ግቢ ባመጣሁት ጥቁር አፈር ተከልኳት። በማግስቱ ቅጠሎቿ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠሉ። ታችኛው ቢጫ ሆኗል። ጠዋት ማታ ባጠጣትም ባሰባት። ጎረቤቴ ዩሪያ ጣል አድርጊባት እያሉኝ ነው። ምን ይሻላል?

አበባ ወዳድ፦
አይዞሽ። ቅጠሏን በሙሉ ቁረጪው፣ እንደገና ታቆጠቁጣለች። እናቴ ደግሞ የቡና አተላ ታደርግባቸዋለች።

ችግኝ አፍይ፦
እህቴ፣ ቅጠሉንም አትቁረጪ፣ አተላውም ይቅር። አተላ የቤት ፖት ውስጥ ይጋገርና ትንኝ ይጠራል። ዩሪያውን ለጎረቤትሽ በምስጋና መልሺላቸው፤ የቆሰለ ስር ያቃጥላል።

ችግኝ ማፍላት እንጀራዬ ነው፤ ደንበኞች ይዘውት የሚመጡት ጣጣ ይኸው ነው። ውሃ የሚጠጡት ፀጉር የመሰሉት ቀጫጭን ስሮች ናቸው። ስር ሲታጠብ የሚበጠሱትም እነሱ ናቸው። ቅጠሉ ግን እንደ ድሮው ውሃ ያተናል። ስለዚህ ጭቃ ውስጥ ቆማም ትጠማለች። አንቺ ስትጨምሪ ደግሞ ስሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል።

እኔን ያሳሰበኝ አፈሩ ነው። ሞንስቴራ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ጫካ ዛፍ ላይ የምትወጣ ሐረግ ናት፤ ስሯ አየር ለምዷል። ከግቢ ያመጣሽው ጥቁር አፈር ዋልካ ይመስለኛል፤ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ስር ይበጥሳል። የታመመ ተክል ባይነካካ እመርጣለሁ፤ ዋልካ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ጣትሽን ክተቺበት። ጭቃው ከተጣበቀብሽ ዛሬውኑ አውጫት። አታጥቢያት፣ በእጅሽ ቀስ ብለሽ አራግፊ። ጥቁር፣ ልስልስና የሚሸት ስር ካለ በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቁረጪው። ነጭና ጠንከር ያለውን አትንኪ።

አፈሩን ከቀይ አፈር፣ ከብስባሽና ከቀይ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እኩል እኩል ቀላቅዪ። ቀይ አሽ ቤት የሚሠራ ሰው ዘንድ አይጠፋም፤ ነፍተሽ ሽምብራ የሚያክለውን ውሰጂ። ፖቱ ከስሯ ሁለት ሦስት ጣት ብቻ ይስፋ፣ ቀዳዳም ይኑረው። ከስር ጠጠር መደርደር የሚሉት ነገር አይጠቅምም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ላይ ይቆያል።

ከዚያ አንዴ ውሃው በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጪና ተያት። ከመጋረጃ ጀርባ ብርሃን ያለበት አስቀምጫት፣ ፀሐይ በቀጥታ አይምታት። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፌስታል ላላ አድርገሽ አልብሻትና ጠዋት ጠዋት ግለጪው። የአዲስ አበባ የበጋ አየር ደረቅ ስለሆነ ይጠቅማታል። የላዩ አፈር ሳይደርቅ ውሃ የለም።

የሰገነት አትክልተኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አሁን አየሁት፣ ጣቴን እንደ ሙጫ ያዘኝ። ዛሬ ማታ አወጣታለሁ። ቢጫውስ ቅጠል?

ችግኝ አፍይ፦
ቢጫው አይመለስም፣ እሱን ብቻ ቁረጪው። አረንጓዴው ቢንጠለጠልም ምግብ ይሠራላታልና ይቆይ። ከፈራሽ አንዷን ቅንጥብ ከነአንጓዋና ከአየር ስሯ ቆርጠሽ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አቁሚያት፤ ዋናዋ ብትሞት እንኳ ዘሯ አይጠፋም። ጫፏ ላይ ተጠቅልሎ የሚወጣ አዲስ ቅጠል ካየሽ ስሯ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ማዳበሪያ ያኔ እናወራለን።